አቻ የቀጥተኛ እኩልዮሾች ሥርዓት

አቻ የቀጥተኛ እኩልዮሾች ሥርዓቶች የሚባሉት መልካቸው ቢለያይም በትክክል አንድ ዓይነት መፍትሔ ያላቸው ሥርዓቶች ናቸው። አንዱን የሚያሟሉ ቁጥሮች ሁሉ ሌላውንም ያሟላሉ፤ አንዱን የማያሟሉ ሌላውንም አያሟሉም። አስቸጋሪ የሚመስል ሥርዓት የሚፈታው በዚህ ሐሳብ ነው፦ ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ቀለለ አቻው እየቀየሩ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ መፍትሔው እንዲሁ የሚነበብበት ሥርዓት ላይ ይደረሳል።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህ አሠራር በ9ኛ ክፍል ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ባሏቸው እኩልዮሾች፣ በ11ኛ ክፍል ደግሞ ከማትሪክስ ጋር ይሰጣል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ተማሪ የአሠራሩን ቅደም ተከተል በቃሉ ይይዝና ምክንያቱን ሳይጨብጥ ያልፋል። ምክንያቱ ግን አጭር ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከአዲሱ ሥርዓት ተነስቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል ወይ? ከተቻለ ሁለቱ አቻ ናቸው። ካልተቻለ በመንገድ ላይ የሆነ ነገር ጠፍቷል፣ ወይም ያልነበረ ነገር ገብቷል።

ትርጉም

ቀጥተኛ እኩልዮሽ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ሊኒየር ኢኩዌሽን የሚባለው፣ ያልታወቁት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በታወቀ ቁጥር ተባዝተው የሚደመሩበት እኩልዮሽ ነው። ያልታወቁት እርስ በርሳቸው አይባዙም፣ በካሬም ሆነ በካሬ ሥር አይገቡም፣ አካፋይም አይሆኑም። ያልታወቀውን የሚያባዛው የታወቀ ቁጥር አባዢ ይባላል።

የእኩልዮሾች ሥርዓት ማለት ደግሞ በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም አብረው፣ እውነት እንዲሆኑ የሚፈለጉ እኩልዮሾች ስብስብ ነው። «አብረው» የሚለው ቃል መዘንጋት የለበትም። አንዱን እኩልዮሽ ብቻ የሚያሟሉ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ የሥርዓቱ መፍትሔ የሚባሉት ሁሉንም ያሟሉት ብቻ ናቸው።

ምሳሌ፦ ሁለት ምዘና

በሰሜን ጎንደር ዞን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ ገብስና ባቄላ የሚመረትበት አገር ነው። አንድ ገበሬ ሁለቱንም ይዞ ገበያ ወጣ እንበል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የገብሱ ጆንያዎች እርስ በርሳቸው እኩል ይመዝናሉ፣ የባቄላዎቹም እንዲሁ። ነጋዴው ለየብቻ መመዘኑን ትቶ መጀመሪያ ሁለት ጆንያ ገብስና አንድ ጆንያ ባቄላ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ጫነና 140 ኪሎ አነበበ። ቀጥሎ የቀሩትን፣ አንድ ጆንያ ገብስና ሦስት ጆንያ ባቄላ ጫነ፤ 170 ኪሎ ሆነ። ገብስና ባቄላ ዋጋቸው አንድ ስላልሆነ፣ ጠቅላላው 310 ኪሎ መሆኑን ማወቅ ብቻውን ለክፍያ አይበቃም። የአንድ ጆንያ ገብስ ክብደት ገ፣ የአንድ ጆንያ ባቄላ ክብደት ባ ቢባል፦

(1) 2ገ + ባ = 140
(2) ገ + 3ባ = 170

የመጀመሪያው እርምጃ የሁለቱን ቦታ መቀያየር ነው። ከላይ ያለው እኩልዮሽ በ1ገ ቢጀምር ለቀጣዩ ሥራ ስለሚመች ብቻ ነው፦

ገ + 3ባ = 170
2ገ + ባ = 140

ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ መቀነስ ይከተላል። የመጀመሪያው ሁለት እጥፍ 2ገ + 6ባ = 340 ስለሆነ፣ ከሁለተኛው ሲቀነስ ገ ይወገዳል፦

ገ + 3ባ = 170
−5ባ = −200

ሁለተኛውን በ−5 ማካፈል ባ = 40 ይሰጣል። ከዚያም ከመጀመሪያው ላይ የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ መቀነስ፦

ገ = 50
ባ = 40

ይህ የመጨረሻው ሁለት መስመርም ራሱ የእኩልዮሾች ሥርዓት ነው፤ መፍትሔው ስለሚነበብ ብቻ «መልስ» ተባለ። ከመጀመሪያው ጋር አቻ ስለሆነ የአንዱ መፍትሔ የሌላው ነው። ገበሬው በሦስቱ ጆንያ 150 ኪሎ ገብስ፣ በአራቱ 160 ኪሎ ባቄላ አምጥቷል ማለት ነው።

ሦስቱ እርምጃዎች

ከላይ የተሠራው ሁሉ ከሦስት ዓይነት እርምጃ አይወጣም። የሁለት እኩልዮሾችን ቦታ መቀያየር፤ አንድን እኩልዮሽ ዜሮ ባልሆነ ቁጥር ማባዛት (ማካፈልም ያው ነው)፤ በአንድ እኩልዮሽ ላይ የሌላውን ማናቸውም ብዜት መደመር፣ ሌላውን ግን እንዳለ መተው። እነዚህ መሠረታዊ ክንዋኔዎች ይባላሉ።

አቻነትን የሚጠብቁት እያንዳንዳቸው የሚመልሳቸው ክንዋኔ ስላለ ነው፤ የሚመልሳቸውም ያው ዓይነት ነው። የተቀያየረ ቦታ እንደገና ሲቀያየር ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ−5 የተካፈለ በ−5 ሲባዛ ይመለሳል። ሁለት እጥፍ የተቀነሰበት ሁለት እጥፍ ሲደመርበት ይመለሳል።

ሦስተኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ ጥንድ ቁጥር (1)ን እና (2)ን ካሟላ፣ እኩል በሆኑ ነገሮች ላይ እኩል መጨመር እኩልነትን ስለማያፈርስ፣ የ(2)ንና የ(1)ን ብዜት ድምርም ያሟላል። ስለዚህ ምንም መፍትሔ አልጠፋም። በተቃራኒው፣ (1)ንና አዲሱን ያሟላ ጥንድ፣ ከአዲሱ ላይ ያንኑ የ(1) ብዜት በመቀነስ (2)ንም እንደሚያሟላ ይታያል። ስለዚህ የተጨመረ መፍትሔም የለም። ክርክሩ የሚሠራው (1) ሳይነካ በቦታው ስለቀረ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ መመለሻው መንገድ እሱ ነው።

በግራፍ ሲታይ

ገ በአግድም፣ ባ በቁም ቢቀመጡ እያንዳንዱ እኩልዮሽ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መፍትሔው መስመሮቹ የሚቋረጡበት ነጥብ፣ እዚህ ላይ (50፣ 40) ነው። ቦታ መቀያየርና ማባዛት መስመሮቹን ጨርሶ አይነኳቸውም። መደመር ግን አንዱን መስመር ያዞራል፤ የሚያዞረውም በመቋረጫው ነጥብ ላይ እንደ ካስማ ተክሎ ነው። ከላይ በተሠራው ምሳሌ አንዱ መስመር ዞሮ ዞሮ አግድም ተኛ (ባ = 40)፣ ሌላው ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆመ (ገ = 50)፤ ካስማው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

አቻነትን የሚያፈርሱ እርምጃዎች

ስህተት የሚበዛው በመደመርና በመቀነስ ሳይሆን እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው።

በዜሮ ማባዛት ግልጹ ነው። (2) በዜሮ ቢባዛ 0 = 0 ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ምዘና እንዳልተካሄደ ይቆጠራል፤ ከ0 = 0 ተነስቶ 170 ኪሎን መልሶ ማግኘት የሚችል ማንም የለም።

ከዚህ የሚሰወረው ሁለቱን እኩልዮሾች በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። አንድ ተማሪ በ(1) ቦታ የ(1)ንና የ(2)ን ድምር፣ በ(2) ቦታም የ(2)ንና የ(1)ን ድምር ቢጽፍ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው የተፈቀደ ይመስላል። ውጤቱ ግን፦

3ገ + 4ባ = 310
3ገ + 4ባ = 310

ሁለት መስመር ቢጻፍም የቀረው አንድ መረጃ ነው፤ እሱም ጠቅላላው ጭነት 310 ኪሎ መሆኑ። ገ = 50 እና ባ = 40 አሁንም ያሟሉታል፤ ገ = 10 እና ባ = 70 ግን እንዲሁ ያሟሉታል። በሁለተኛው ከተሄደ ገበሬው 30 ኪሎ ገብስና 280 ኪሎ ባቄላ አምጥቷል ሊባል ነው። ጥፋቱ የሚጋለጠው ቁጥሮቹ በመጀመሪያው ሥርዓት ሲፈተኑ ነው፦ 2 × 10 + 70 = 90 እንጂ 140 አይሆንም። በአዲሱ ሥርዓት ብቻ የሚደረግ ፍተሻ ይህን አይዝም። ስለዚህ መልስ ሁልጊዜ የሚፈተነው መጀመሪያ በተሰጡት እኩልዮሾች ነው። እርምጃዎቹን አንድ በአንድ፣ ሁለተኛውን በታደሰው የመጀመሪያ እኩልዮሽ ላይ መሥራት ይህን ችግር ያስቀራል።

በመተካት ዘዴ ውስጥም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ከ(1) ላይ ባ = 140 − 2ገ ይገኛል። ይህ (2) ውስጥ መግባት ሲገባው ተመልሶ (1) ውስጥ ሲገባ 2ገ + 140 − 2ገ = 140፣ ማለትም 140 = 140 ይመጣል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ «መፍትሔው ስፍር ቁጥር የለውም» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን (2) ገና አልተነካም። አንድ እኩልዮሽ ስለ ራሱ ሲጠየቅ «እኔ እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

ባልታወቀው ቁጥር ማባዛት ደግሞ በተቃራኒው መፍትሔ ይጨምራል። ገ = 50 በገ ቢባዛ ገ × ገ = 50ገ ይሆናል፤ ይህን ገ = 0 ም ያሟላዋል። ባዶ ጆንያ ከየት መጣ? ገ ራሱ ዜሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይታወቅ በዜሮ የማባዛት በር ተከፍቷል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የፈተና ጥያቄ ዋጋው ያልተወሰነ አባዢ ያለበት ነው። ለምሳሌ፦

ሀ + 2ለ = 5
3ሀ + ከለ = 15

እዚህ ላይ ከ በለ የሚባዛ፣ ዋጋው ያልተነገረ ቁጥር ነው። ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ መቀነስ (ከ − 6)ለ = 0 ይሰጣል። ወዲያው በ(ከ − 6) አካፍሎ ለ = 0፣ ሀ = 5 ማለት የሚፈቀደው ከ ከ6 የተለየ ሲሆን ብቻ ነው። ከ = 6 ከሆነ የተካፈለው በዜሮ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሁለተኛው እኩልዮሽ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ስለሆነ መፍትሔው ስፍር ቁጥር የለውም። ሁለቱ ሁኔታዎች ተለያይተው መጻፍ አለባቸው።

0 = 0 እና 0 = 10

እርምጃዎቹ በትክክል ከተሠሩ፣ መጨረሻ ላይ ያልታወቁት ሁሉ ጠፍተው ቁጥር ብቻ የሚቀርበት መስመር ትርጉም አለው።

ነጋዴው በአንደኛው ምዘና አንድ ጆንያ ገብስና አንድ ጆንያ ባቄላ፣ በሁለተኛው ሁለት ሁለት ጭኖ 90 ኪሎና 180 ኪሎ ቢያነብ ኖሮ፣ መቀነሱ 0 = 0 ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው ምዘና የመጀመሪያው ድግምት ነው፤ ሚዛኑ ትክክል ነው፣ መረጃው ግን አልበቃም። ገበሬው የጆንያዎቹን ድርሻ የሚቀይር ሌላ ምዘና መጠየቅ አለበት። ንባቦቹ 85 እና 180 ቢሆኑ ግን መቀነሱ 0 = 10 ይሆናል። ይህን የሚያሟላ ገብስም ባቄላም በምድር ላይ የለም። ሥርዓቱ መፍትሔ የለውም፤ በተግባር ደግሞ ወይ ሚዛኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ጆንያዎቹ እኩል አይደሉም። በግራፍ የመጀመሪያው አንዱ መስመር በሌላው ላይ መተኛቱ፣ ሁለተኛው ሁለቱ ትይዩ ሆነው አለመገናኘታቸው ነው።

በ11ኛ ክፍል አብሮ የሚሰጠው የክሬመር ሕግ በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ላይ አይሠራም፤ ዲተርሚናንቱ ዜሮ ስለሚሆን ማካፈል አይቻልም። በአቻ ሥርዓት መሥራት ከሱ የሚሻልበት አንዱ ነገር፣ መልስ ከሌለ እንደሌለ፣ ከበዛም እንደበዛ ራሱ መናገሩ ነው። ምርጫ በሚሰጥበት ፈተና ላይ የተሰጡትን ምርጫዎች በመጀመሪያዎቹ እኩልዮሾች እየተኩ መፈተንም ሕጋዊና ፈጣን መንገድ ነው። ከምርጫዎቹ መካከል «ስፍር ቁጥር የሌለው መፍትሔ» የሚል ካለ ግን አንድ ጥንድ ቁጥር ማሟላቱ ብቻውን አይበቃም።

ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች፦ የጥንቱ የእህል ጥያቄ

ያልታወቁት ሲበዙ ግራፍ መሣል ያስቸግራል፤ ሦስቱ እርምጃዎች ግን ሳይለወጡ ይሠራሉ። ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ የቆየው ምሳሌ፣ እንደ አጋጣሚ፣ የእህል ነው። በሀን ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጠናቀረው «ዘጠኙ የሒሳብ ጥበብ ምዕራፎች» በተባለው የቻይና መጽሐፍ ስምንተኛ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛል። ላይኛ፣ መካከለኛና ታችኛ ደረጃ ያላቸው የእህል ነዶዎች አሉ። ሦስት ላይኛ፣ ሁለት መካከለኛና አንድ ታችኛ ነዶ 39 ዱ እህል ይወጣቸዋል፤ ሁለት፣ ሦስትና አንድ 34፤ አንድ፣ ሁለትና ሦስት 26። ዱ የእህል መስፈሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ነዶ ስንት ይወጣል?

3ላ + 2መ + ታ = 39
2ላ + 3መ + ታ = 34
ላ + 2መ + 3ታ = 26

ሦስተኛውን ወደ ላይ ማምጣት ሥራውን ያቀላል። ከዚያ ከ34ቱ እኩልዮሽ ሁለት እጥፉን፣ ከ39ኙ ሦስት እጥፉን መቀነስ፦

ላ + 2መ + 3ታ = 26
−መ − 5ታ = −18
−4መ − 8ታ = −39

ሁለተኛውን በ−1 ማባዛት መ + 5ታ = 18 ያደርገዋል። የዚህን አራት እጥፍ በሦስተኛው ላይ መደመር፦

ላ + 2መ + 3ታ = 26
መ + 5ታ = 18
12ታ = 33

ይህ የደረጃ ቅርጽ ይባላል፤ እያንዳንዱ መስመር ከላይኛው አንድ ያልታወቀ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይጀምራል። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ ታ = 2.75፣ መ = 18 − 13.75 = 4.25፣ ላ = 26 − 8.5 − 8.25 = 9.25 ይሆናል። መጀመሪያ ወደተሰጠው ሲመለስ፦ 3 × 9.25 + 2 × 4.25 + 2.75 = 39። ቻይናውያኑ ይህን የሠሩት በሰሌዳ ላይ የመቁጠሪያ ዘንጎችን በአምድ በአምድ ደርድረው ነው። ፊደል አልጻፉም፤ የቁጥሩ ቦታ ብቻውን የየትኛው እህል እንደሆነ ይናገራል። ይህ ዛሬ ማትሪክስ ከሚባለው ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ263 ሊዩ ሁዊ በመጽሐፉ ላይ ማብራሪያ ጽፏል።

ስያሜውና ታሪኩ

ዘዴው ዛሬ በጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ስም የጋውስ ማስወገድ ተብሎ ይጠራል፤ ፈልሳፊው ግን እሱ አይደለም። ከላይ ያለው የቻይና መጽሐፍ ከጋውስ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። አይዛክ ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1707 በታተመው የአልጀብራ ትምህርቱ ላይ ያልታወቁ ቁጥሮችን እያስወገዱ መፍታትን አስተምሯል። ጋውስ ያደረገው በሥነ ፈለክ ስሌት ላይ ሥርዓት ባለው አጻጻፍ መጠቀም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1810 ስለ ፓላስ ምህዋር ባሳተመው ጥናት ላይ ስድስት ያልታወቁ ቁጥሮችን በዚህ መንገድ ሠርቷል። ከላይኛው መስመርም ጭምር ማስወገዱን ቀጥሎ በቀጥታ ገ = 50፣ ባ = 40 ዓይነት መልክ ላይ የሚደርሰው አሠራር ጋውስ-ጆርዳን ይባላል። ጆርዳን የተባለው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1888 በመጽሐፉ ያሰፈረው የመሬት ቅየሳ ባለሙያው ቪልሄልም ጆርዳን ነው፤ ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ካሚይ ጆርዳን ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል።

በኮምፒውተር

ለኮምፒውተር ፊደሎቹ አያስፈልጉም፤ አባዢዎቹና ውጤቶቹ በማትሪክስ ረድፎች ተቀምጠው ሦስቱ እርምጃዎች በረድፎቹ ላይ ይሠራሉ። ያልታወቁት ቁጥሮች ብዛት ነ ከሆነ የሚያስፈልገው ስሌት ወደ 2ነ³ ÷ 3 ይጠጋል። ለ1,000 ያልታወቁ ይህ 670 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ብዛታቸው እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ያድጋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ አዲስ ነገር ይመጣል። ኮምፒውተር ቁጥሮችን የሚይዘው በተወሰነ አኃዝ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ አቻ የሆነው በማሽን ላይ አቻ ላይሆን ይችላል። ከሦስት ጉልህ አኃዝ በላይ የማይዝ ማሽን ይታሰብ፦

0.0001ሀ + ለ = 1
ሀ + ለ = 2

ትክክለኛው መፍትሔ ወደ ሀ = 1.0001 እና ለ = 0.9999 የተጠጋ ነው። ማሽኑ ከሁለተኛው የመጀመሪያውን 10,000 እጥፍ ቢቀንስ −9,999ለ = −9,998 ማግኘት ነበረበት፤ ሁለቱም በሦስት አኃዝ ሲጠጋጉ ግን −10,000 ይሆናሉ። ስለዚህ ለ = 1 ይላል፤ ወደ መጀመሪያው መስመር ሲመለስም 0.0001ሀ = 0፣ ሀ = 0 ያወጣል። ሁለተኛው እኩልዮሽ ላይ ያለው 2 በማጠጋጋቱ ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል፤ በዜሮ እንደማባዛት ያለ ጥፋት ነው።

መፍትሔው በገበያው ምሳሌ ላይ ለምቾት ብቻ የተደረገው ቦታ መቀያየር ነው። ሀ + ለ = 2 ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከሌላው ላይ የሱ 0.0001 እጥፍ ሲቀነስ 0.9999ለ = 0.9998 ይመጣል፤ በሦስት አኃዝ ለ = 1፣ ከላይኛው መስመርም ሀ = 1። ለእንዲህ ያለ ማሽን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞችም በዚህ ምክንያት በእያንዳንዱ ደረጃ፣ ከቀሩት ረድፎች መካከል በሚወገደው ያልታወቀ ቁጥር ላይ ትልቁ አባዢ ያለውን መርጠው ወደ ላይ ያመጡታል፤ ትልቅ የሚባለውም የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ሳይታይ ነው።